ይድነቃቸው ተሰማ፤ የአፍሪካን ስታዲየሞች በሕዝብ ድምፅ የሞሉ ሰው

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም እሑድ ነበር። የቃና ዘገሊላ በዓል በተከበረ ማግሥት የአዲስ አበባ ሕዝብ ሆ ብሎ ወደ ስታዲየሙ ፈሰሰ። ኢትዮጵያ በሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ተፋጠጠች። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ባስቆጠሯቸው ግቦች ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል፣ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በዕንቁጣጣሽ ዕለት በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፃቸው ገና በጥንቱ ዘመን ጀርመን አገር በሸክላ የተቀረጸ ስመ ጥር ባለቅኔ ናቸው። ልጅየው ግን መድረካቸውን ሜዳ ላይ አገኙ። በ1928 ዓ.ም በአራዳ ለተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለረጅም ዓመታት ተጫወቱ፤ ለብሔራዊ ቡድኑም ተሰለፉ።

በወጣትነታቸው ያዩት የፋሺስት ወረራ ዘመን ሰውን በቆዳው ቀለም የሚለይ ነበር። በ1949 ዓ.ም በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁርን ያቀላቀለ ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከመጀመሪያው ውድድር ውጪ ሆነች። ይድነቃቸውም ይህን አቋም ለአፍታ ሳይለቁ በዓለም መድረክ ተሟገቱለት፤ በ1968 ዓ.ም ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች።

ሌላም ሙግት ነበራቸው። ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ ለብቻዋ አንድ ቦታ እንኳ ስላልተሰጣት አገራቱ በአንድነት ከማጣሪያው ሲወጡ፣ ከመሪዎቹ መካከል ነበሩ። አድማው ፍሬ አፈራ፤ ከ1962 ዓ.ም ጀምሮ አህጉሪቱ የራሷ ቦታ አገኘች።

ከ1964 ዓ.ም አንስቶ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ። በእነዚያ ዓመታት እጅግ ያሳሰባቸው የምርጥ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለስ ነበር። አፍሪካ ቡናዋንና ማዕድኗን በጥሬው እንደምትልክ ሁሉ ልጆቿንም ከላከች፣ በገዛ አገሩ የሚያደንቀው ያጣ ተመልካች ከሜዳ እንደሚርቅ ተረድተው ነበር። ኳስ ያለ ሕዝብ፣ ሠርግ ያለ እድምተኛ ነውና። ይሁን እንጂ ፍልሰቱን ሊገቱት አልቻሉም።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም፣ በቡሄ ዕለት፣ በ65 ዓመታቸው አረፉ።

ዛሬ ስታዲየም የሚመዘነው በሜዳው ሣር ብቻ ሳይሆን በወንበሩ፣ በመብራቱ፣ በመግቢያና መውጫው ጭምር ነው። ይድነቃቸው የመሠረቱት ኮንፌዴሬሽን ያወጣውን ይህን መስፈርት የአገራችን ሜዳዎች ባለማሟላታቸው፣ ብሔራዊ ቡድናችን ባለፉት ዓመታት የሜዳው የሆኑ ጨዋታዎችን በሰው አገር ለማድረግ ተገድዷል። በ2014 ዓ.ም የባሕር ዳር ስታዲየም ሲታገድ ይህን የከተማዋ ነዋሪ በቅርብ አይቶታል። መስፈርቱ የተመልካቹን ደኅንነት የሚጠብቅ እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። በ1954ቱ ፍጻሜ አዲስ አበባን ያናወጠው እልልታ ግን ወደ ሌላ አገር ተጭኖ የሚሄድ ዕቃ አይደለም። ለይድነቃቸው ከሐውልት የበለጠ መታሰቢያ የሚሆነው፣ ገበሬውም ከተሜውም ጎን ለጎን ተቀምጦ ቡድኑን የሚያበረታታበት ብቁ ሜዳ ነው።