የአከራዬ ውሻና ዶክተር ክራፉርድ

ስቶክሆልም በመጣሁበት ዓመት ቤት ያከራዩኝ አሮጊት አንዲት ውሻ ነበረቻቸው። ሳንባዋ ላይ የካንሰር ዕጢ ተገኘባትና ደረቷ ተከፍቶ ዕጢው ያለበት የሳንባ ክፍል ተቆርጦ ወጣ። እኔ ያደግሁት ውሻ ከግቢ አልፎ ቤት በማይገባበት ሰፈር ነውና ለውሻ ይህ ሁሉ መደረጉ ገረመኝ። ይበልጥ የገረመኝ ግን ደረቷ ተከፍቶ እንዴት እንደተነፈሰች ነው። መልሱን ስፈልግ የአንድ ሐኪም ታሪክ አገኘሁ።

ክላረንስ ክራፉርድ እ.ኤ.አ. በ1899 ሁዲክስቫል በተባለች የስዊድን የወደብ ከተማ ተወለዱ። ስማቸው የገነነው እዚሁ ስቶክሆልም፣ በሳባትስበርግ ሆስፒታል በቀዶ ሐኪምነት ሲሠሩ ነው። በዚያ ዘመን ደረት መክፈት ከሞት ጋር መጋፈጥ ነበር፤ የውጭው አየር ሲገባ ሳንባ እንደተነፈሰ ኳስ ይኮማተራል። ክራፉርድ ከአንገት በላይ ሐኪም ከነበሩት ከፖል ፍሬንክነርና አጋ ከተባለው ኩባንያ ጋር ሆነው፣ በሽተኛው በማደንዘዣ ተኝቶ ሳለ አየር እየገፋ የሚያስተነፍሰውን ስፒሮፑልሳተር የተባለ መሣሪያ ሠሩ። በ1938 አንድን ሳንባ ሙሉ በሙሉ ስለማውጣት የጻፉትን የዶክትሬት ጥናት አቀረቡ። በ1944 ደግሞ የአንድ ልጅ ዋና የደም ሥር ከልደት ጀምሮ የጠበበበትን ቦታ ቆርጠው አውጥተው ጫፎቹን መልሰው ሰፉ።

ቀጥሎ የልብ ተራ ሆነ። ልብን ከፍቶ ለመሥራት የልብንና የሳንባን ሥራ ለጊዜው የሚተካ ማሽን ያስፈልግ ነበር። አብረዋቸው የሠሩት ወጣት ሐኪሞች ቢዮርክና ሴኒንግ ማሽኑን ለዓመታት በውሾች ላይ ሞከሩት፤ ውሾችም ሕይወታቸውን ከፈሉበት። በ1954 ክራፉርድ በዚያ ማሽን ታግዘው ከአንዲት ሴት ልብ ውስጥ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ አወጡ፤ ሴትዮዋም ተረፉ።

ክራፉርድ በ1984 አረፉ። የአከራዬ ውሻ ስትታከም በጉሮሮዋ ቱቦ ገብቶ ማሽን አስተነፈሳት፤ ክራፉርድ በሰው ላይ በተጠቀሙበት በዚያው ዘዴ ማለት ነው። ሰው ከውሾች የተበደረውን በጥቂቱም ቢሆን ሲመልስ ያየሁ መሰለኝ። ያቺ ውሻ ከዚያ በኋላ ወደ ሳሎን ስትገባ አላባረርኋትም፤ ተነሥቼ ቦታ ለቀቅሁላት።