ፍቅር እስከ መቃብር፣ መብት ግን ከመቃብር በኋላም

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ካረፉ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። መጽሐፋቸው ግን ዛሬም ይሸጣል፣ በየቴሌግራሙም በፒዲኤፍ ይዞራል። ብዙ ሰው ደራሲው ከሞቱ መጽሐፉ የማንም ነው ይላል። ሕጉ ግን እንደዛ አይልም።

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወለዱ። ልጅነታቸውን በቤተ ክህነት ትምህርት አሳለፉ፤ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ቀጠሉ፣ መምህርም ሆኑ። ጣሊያን ሲወር ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፤ ተማርከው ጣሊያን አገር ዓመታት በግዞት ቆዩ። ከነፃነት በኋላ ዲፕሎማት፣ አምባሳደር፣ የትምህርት ሚኒስትርም ሆነው ሠርተዋል። በዚህ ሁሉ መሀል ነው እንግዲህ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጽፈው በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት። ያኔም ቢሆን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለደራሲ መብት ይሰጥ ነበር።

ኅዳር 1996 ዓ.ም. አረፉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። በአዋጁ መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለ የራሱ ነው፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ይሆናል። በሐዲስ ስናሰላው እስከ 2046 ዓ.ም. ይሄዳል ማለት ነው።

ጎንደር ፒያሳ ላይ መጽሐፉን ብትገዙ የእናንተ የሚሆነው ወረቀቱ ነው። ማንበብ፣ ማዋስ፣ መልሶ መሸጥም ትችላላችሁ። አባዝቶ መሸጥ፣ ወደ ፊልም መቀየር ወይም መተርጎም ግን የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ሕጉ የማይጠብቀው ነገርም አለ፤ እሱም ሐሳብ ነው። የድሃ ተማሪና የባላባት ልጅ ፍቅር የማንም ሐሳብ ሊሆን ይችላል፤ ማንም ተነስቶ በራሱ መንገድ ይጻፈው። የሐዲስ የሆኑት በዛብህና ሰብለ ወንጌል፣ እንዲሁም ታሪኩ የተነገረበት ቃል ናቸው።

አርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ብዙ ሰው በድምፁ ነው የወደደው። በአዋጁ አነጋገር እንዲህ ያለ ሰው ከዋኝ ይባላል፤ ከደራሲው የተለየ፣ የራሱ ተዛማጅ መብት አለው። አንድ ትረካ ላይ ሁለት ባለመብት ይኖራል ማለት ነው።

እዚህ ጎንደር ግጥም፣ ዜማ ወይም ልቦለድ የምትሠሩ ልጆችም ይህን ያዙ፦ ሥራችሁ የራሳችሁ ወጥ ሥራ ከሆነና በወረቀት ወይም በድምፅ ከተቀረጸ፣ መብቱ ሳይመዘገብም የእናንተ ነው። በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ግን ነገ ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ይሆናችኋል። ሐዲስ ሌላ ሥራና ደመወዝ ነበራቸው። ዛሬ በብዕሩ ብቻ ለማደር የሚሞክር ልጅ ግን መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ ስካን ተደርጎ ከተለቀቀ፣ ሁለተኛውን መጽሐፍ በምን ይጽፈዋል?