ከእርሻ አፈር መድኃኒት ያገኙት ኤልዛቤት ሄዘን

ገበሬ አፈርን የሚያውቀው በሚያበቅለው እህል ነው። ተመራማሪዋ ኤልዛቤት ሊ ሄዘን ግን ከአንድ እርሻ ባነሡት ጥቂት አፈር ውስጥ፣ ብዙ ሴቶች በኀፍረት ሸሽገው ሲሸከሙት ለኖሩት ሕመም መድኃኒት አገኙ።

ሄዘን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ከጥጥ አምራች ቤተሰብ ተወለዱ። ገና በሕፃንነታቸው ወላጆቻቸውን በሞት በማጣታቸው በዘመድ እጅ አደጉ። በመምህርነት ካገለገሉ በኋላ ወደ ኒውዮርክ አቅንተው፣ በ1927 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በረቂቅ ተሕዋስያን ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት አልፎ ነበር። ከዚያም በኒውዮርክ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት ቤተ ሙከራ ሥራ ጀመሩ።

በ1940ዎቹ እንደ ፔኒሲሊን ያሉ መድኃኒቶች ባክቴሪያን ድል ሲነሡ ዓለም ተደሰተ። ይሁን እንጂ መድኃኒቶቹ ጠቃሚውንም ባክቴሪያ ስለሚገድሉ፣ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ተቀናቃኝ አጥቶ ይስፋፋ ጀመር። በአፍ፣ በአንጀትና በሴት ብልት የሚራባውን ይህን ፈንገስ፣ ሰውን ሳይጎዳ የሚያጠፋ አስተማማኝ መድኃኒት አልነበረም።

ሄዘን መፍትሔውን በአፈር ውስጥ ፈለጉ። ከየስፍራው የተሰበሰበ አፈር በኒውዮርክ ከተማ እየመረመሩ፣ ተስፋ የሰጣቸውን በብርጭቆ ዕቃ አሽገው 240 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ኦልባኒ በፖስታ ይልካሉ። በዚያ የኬሚስትሪ ባለሙያዋ ራቸል ብራውን ፈንገሱን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው ይመልሱላቸዋል። አብዛኛው ፈንገሱን ቢገድልም ለእንስሳት መርዛማ ሆኖ ይገኝ ነበር። በ1948 ሄዘን በቨርጂኒያ ግዛት ከሚገኝ የወዳጆቻቸው እርሻ ያመጡት አፈር ግን የተፈለገውን ሰጠ። ግኝቱ በ1950 ይፋ ሆነ፤ መድኃኒቱም በኒውዮርክ ግዛት መጠሪያ ኒስታቲን ተባለ።

በ1960 በአሜሪካ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ተፈቀደ። የመጀመሪያዎቹ እንክብሎች ከዛሬዎቹ እጅግ የበዛ ኤስትሮጅን ነበራቸው። ይህ ሆርሞን ሲበዛ በብልት ግድግዳ ላይ ፈንገሱን የሚመግብ ስኳር ነክ ንጥረ ነገር ይጨምራል። እርግዝናና በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የስኳር በሽታም ለፈንገሱ መንገድ ይከፍታሉ።

የዛሬዎቹ እንክብሎች የሆርሞን መጠናቸው ዝቅተኛ በመሆኑ ብዙ ተጠቃሚዎች ይህ ችግር አይገጥማቸውም። ማሳከክና እንደ እርጎ የረጋ ነጭ ፈሳሽ ያየች ሴት እንክብሉን በራሷ ውሳኔ ብታቋርጥ ላልታሰበ እርግዝና ትጋለጣለች። ብልትን በውስጥ በኩል በሳሙና መታጠብም ሕመሙን ያባብሳል። ሌሎች ሕመሞችም ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው፣ መፍትሔው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ነው። ፈንገስ ሆኖ ከተገኘ በመድኃኒት ይድናል፤ ሕመሙ ቢመላለስም ባለሙያው ሌላ የወሊድ መቆጣጠሪያ ሊያማርጣት ይችላል።

ከመድኃኒቱ የፈጠራ መብት ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገኘ። ሁለቱ ሴቶች ግን ለራሳቸው ሳያስቀሩ ገንዘቡን ለሳይንስ ምርምርና ለትምህርት አዋሉት። ሄዘን በ1975 በ89 ዓመታቸው ዐረፉ። ኒስታቲን ዛሬም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።