ኦነሲሞስ ነሲብ፦ መዝሙር አዘጋጁ መምህር



የተወለዱት ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ነው። የልጅነት ስማቸው ሂካ ሲሆን ትርጉሙ ተርጓሚ ማለት ነው። በሕፃንነታቸው ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ከእጅ ወደ እጅ እየሸጡ ምጽዋ አደረሷቸው። በ1870 እ.ኤ.አ. ነፃ ወጥተው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ኋላም ስዊድን ድረስ ሄደው ተማሩ።

ታዲያ ለወገናቸው መዝሙር እናዘጋጅ ሲሉ ችግር ገጠማቸው። ከአገራቸው በሕፃንነት ስለወጡ አፍ የፈቱበት ኦሮምኛ ጎድሎባቸው ነበር። ቢሆንም አልተውትም፤ እንደገና ተማሩት እንጂ። በ1880ዎቹ የኦሮምኛ መዝሙር መጽሐፋቸው በግዕዝ ፊደል ታተመ። ከዚያም እንደሳቸው ከባርነት ነፃ የወጡት አስቴር ጋኖ ቃላት እየሰበሰቡ ረዷቸው። በ1894 የማንበቢያ መጽሐፍ፣ በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ ወጣ።

በ1904 ወለጋ ገብተው ነቀምት ላይ በኦሮምኛ ሲያስተምሩ ተከሰሱ፤ እንዳይሰብኩም ተከለከሉ። በ1916 ግን ተፈቀደላቸው፤ በ1931 እስኪያርፉም በሥራቸው ቀጠሉ።

እኛም ከዳንግላ ስንወጣ አዊኛ ብቻ እየሰማ ያደገ ሕፃን ፊት እንቆም ይሆናል። አማርኛው ሲያስቸግረው የምንስቅ ስንቶቻችን ነን? እሳቸው የገዛ ቋንቋቸውን ዳግመኛ ከተማሩ፣ እኛ የሕፃኑን ቋንቋ መማር እንዴት ያቅተናል?