ዐፄ ልብነ ድንግልና ኦርጋኑ

በሐዋሳ ከሐይቁ በማይርቀው ሰፈራችን በአንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ቤት በእግር እየተረገጠ የሚነፋ አሮጌ ኦርጋን አለ። የወናፉን ቆዳ አይጥ ስለ በላው ከዜማው ይልቅ ትንፋሹ ይሰማል። እኔ ግን ከትምህርት ቤት በወጣሁ ቁጥር እግሬ የሚያመራው ወደዚያው ነው፤ እናቴም ይህን ሣጥን ሳላገባው እንደማልቀር ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች። የታሪክ መጽሐፍ ስገልጥ እንኳ ዓይኔ ኦርጋን ይፈልጋል፤ ያገኘሁትም በዐፄ ልብነ ድንግል ታሪክ ውስጥ ነው።

ዐፄ ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም. የነገሡት ገና ልጅ ሳሉ ስለ ነበረ መንግሥቱን ንግሥት እሌኒ በሞግዚትነት ይመሩት ነበር። ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላኩትም እኒሁ አስተዋይ ሴት ናቸው። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1512 ዓ.ም. ምጽዋ ሲደርሱ ከገጸ በረከቱ መካከል ሰይፍ፥ ሁለት ትናንሽ መድፎች፥ የዓለም ካርታ፥ ደግሞም (ልቤ እዚህ ላይ ዘለለ) ኦርጋን ነበረበት። ማኑኤል ደ ማሬስ የሚባል ኦርጋን መቺም አብሮ መጥቶ ነበር። ያን ሁሉ ተራራ ወጥተው ቤተ መንግሥት መድረሳቸውን ሳስብ፥ የጎረቤታችንን ኦርጋን ከመስኮቱ ወደ በሩ ለማዛወር አራት ጎረምሶች መጥራታችን ያሳፍረኛል።

ንጉሡ በስጦታው ማነስ አልተደሰቱም። ነገር ግን ጠያቂ ሰው ነበሩና እንግዶቹን በሌሊት ሳይቀር እያስጠሩ ስለ መሣሪያው፥ ስለ ቅዳሴው ልብስ፥ ስለ አገራቸው ልማድ ይመረምሯቸው፥ እንዲዘፍኑም ያዝዟቸው ነበር። ካርታውንም አይተው ፖርቱጋል ትንሽ አገር መሆንዋን ወዲያው አስተዋሉ። ከእንግዶቹ ጋር ስድስት ዓመት ያህል አለፈ፤ እነርሱም በ1518 ዓ.ም. ተመለሱ።

እኔ ኦርጋን ወዳዱ እንኳ የምቆጨው በመድፉ ነው። ንጉሡ በ1509 ዓ.ም. ማሕፉዝን ድል ነሥተው ስለ ነበረ ጠላት የሚያሠጋቸው አልመሰላቸውም ባይ ነኝ። በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ በኢማም አሕመድ ተሸነፉ። ከዚያ ወዲያ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፥ ንብረት ሲዘረፍ፥ እርሳቸው ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሹ ኖሩ። በመስከረም 1533 ዓ.ም. ደብረ ዳሞ ላይ ዐረፉ። የለመኑት ዕርዳታ፥ ወደ 400 የሚጠጉ የፖርቱጋል ነፍጠኞች፥ ከምጽዋ ወደ ደጋው የወጣው በዚያው ዓመት በሐምሌ ነበር።

በፈተና ስለ ሽምብራ ኩሬ ብጠየቅ ስለ ኦርጋኑ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌ አምስት ማርክ ቀርቶብኛል።