የኒኮላይ ሎባቼቭስኪ ታሪክ

በመስኮብ አገር ቮልጋ የሚባል ታላቅ ወንዝ አለ። በዚህ ወንዝ ዳር ባለችው በኒዥኒ ኖቭጎሮድ ከተማ ኒኮላይ ሎባቼቭስኪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1792 ዓመት ተወለደ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አባቱ ታናሽ የመንግሥት ጸሐፊ ነበረ። ኒኮላይ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ፤ እናቱም ፕራስኮቭያ ከሦስት ወንዶች ልጆችዋ ጋራ በድኽነት ቀረች።

እናቲቱ ልጆችዋን ይዛ ወደ ካዛን ከተማ ሄደች። ለትምህርታቸው የምትከፍለው ገንዘብ ስላልነበራት በመንግሥት ወጪ እንዲማሩላት ለመነች። ልመናዋም ተሰማላትና ኒኮላይ በ1802 ዓመት ከካዛን ትምህርት ቤት ገባ። ባል ለሞተባት ድኻ ሴት ለልጆችዋ ደጅ መጥናት ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ የዚህ ሊቅ ታሪክ የሚጀምረው ከእናቱ ድካም ነው።

በ1807 ዓመት፥ ዕድሜው 14 ሲሆን፥ አዲስ ወደ ተከፈተው ወደ ካዛን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያም ባርቴልስ የሚባል ጀርመናዊ መምህር ሒሳብን አስተማረው። ይህ ባርቴልስ ጋውስን የመሰለውን ታላቅ የሒሳብ ሊቅ በልጅነቱ ያስተማረ ሰው ነበረ። ኒኮላይ በትምህርቱ ብርቱ ነበረ፤ በጠባዩ ግን እንዲህ አልነበረም። አንድ ጊዜ በሌሊት ርችት ተኵሶ በቅጣት ክፍል ተዘጋበት፤ ተቈጣጣሪዎቹም ትዕቢተኛና የማይታዘዝ ነው ብለው ከሰሱት። ከዩኒቨርሲቲው ሊባረር ጥቂት ሲቀረው ባርቴልስና ሌሎች መምህራን አማለዱት፤ እርሱም ጥፋቱን አምኖ ለመታረም ቃል ገባ። በ1811 ዓመት የማስተርነትን ማዕርግ ተቀበለ፤ ከአምስት ዓመትም በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

አሁን ሎባቼቭስኪ የደከመበትን ነገር ለማስተዋል በሰሌዳ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፤ ከመስመሩም ውጭ አንዲት ነጥብ አኑሩ። በዚያች ነጥብ ላይ የሚያልፍ፥ ነገር ግን ያን መስመር ከቶ የማይነካ ስንት ቀጥ ያለ መስመር ይገኛል? ከጌታችን ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ያስተማረው የኤውክሊድስ ጂኦሜትሪ አንድ ብቻ ነው ይላል። ነገሩ ለዓይን ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን በማስረጃ ሊያጸኑት የሞከሩ ሊቃውንት ከ2000 ዓመት በላይ ደክመው አልሆነላቸውም። ሎባቼቭስኪም አስቀድሞ እንደ እነርሱ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ከዚያ በኋላ ሌላ መንገድ ያዘ። በዚያች ነጥብ ላይ ከአንድ የበለጡ እንደዚህ ያሉ መስመሮች ያልፋሉ ብሎ ተነሣና የሚከተለውን ሁሉ ደረጃ በደረጃ መረመረ። ስሕተት ያገኛል ተብሎ በሚጠበቅበት ስፍራ እርስ በርሱ የማይጣላ ሌላ ጂኦሜትሪ አገኘ። በዚህ ጂኦሜትሪ የሦስት ማዕዘን ማዕዘኖች ሲደመሩ ከ180 ዲግሪ ያንሳሉ። ይህ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ አይታይም። ነገር ግን እንደ ፈረስ ኮርቻ ፊቱና ኋላው ከፍ፥ ግራና ቀኙ ዝቅ ባለ ነገር ላይ ሦስት ነጥቦችን በአጭሩ መንገድ ብናገናኝ ማዕዘኖቹ እንዲሁ አንሰው ይገኛሉ። ዓለሙ በእውነት እንደ ማናቸው እንደ ሆነ ለማወቅ ሎባቼቭስኪ የከዋክብትን ልክ እስከ መመርመር ደረሰ፤ ልዩነቱ ግን በዚያ ዘመን መሣሪያ የሚታይ አልነበረም።

በየካቲት ወር በ1826 ዓመት፥ በአውሮፓ ፌብሩዋሪ 23 ቀን፥ አሳቡን ለባልንጀሮቹ መምህራን አቀረበ። ጽሕፈቱን እንዲመረምሩ ለሦስት ሰዎች ተሰጠ፤ ፍርድም ሳይሰጡበት ጠፋ። በ1829 ዓመት በካዛን መጽሔት ማሳተም ጀመረ። በፔተርስቡርግ አካዴሚ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ኦስትሮግራድስኪ ሥራውን ናቀው፤ በ1834 ዓመትም አንድ የፔተርስቡርግ መጽሔት አፌዘበት።

ሎባቼቭስኪ ስለዚህ ሥራውን አልተወም። በ1827 ዓመት የዩኒቨርሲቲው አለቃ ሆኖ ተመርጦ ነበርና ለ19 ዓመት ያህል አስተዳደረ። ቤተ መጻሕፍቱን አደራጀ፤ አዲስ ቤት በሚሠራበትም ጊዜ ራሱ የግንብ ሥራን ትምህርት አጥንቶ ተቈጣጠረ። በ1830 ዓመት ኮሌራ ወደ ካዛን ገባ። ሎባቼቭስኪም መምህራኑን ከነቤተ ሰባቸው፥ ተማሪዎቹንም ሁሉ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ሰብስቦ በሩን ዘጋ፤ ንጽሕናንም አጥብቆ አዘዘ። በዚያን ጊዜ የኮሌራን ምክንያት የሚያውቅ ሐኪም በዓለም አልነበረም። በከተማው ብዙ ሕዝብ ሲያልቅ ከግቢው ውስጥ የሞቱት ጥቂቶች ነበሩ። በ1842 ዓመትም ታላቅ እሳት ካዛንን በላ፤ የዩኒቨርሲቲው የኮከብ መመልከቻ ቤትም ተቃጠለ፤ እርሱ ግን መሣሪያዎቹንና መጻሕፍቱን አስወጥቶ አዳነ።

በዚያው በ1842 ዓመት አንድ ደስታ መጣለት። ጋውስ ሸምግሎ ሳለ የመስኮብን ቋንቋ ተምሮ ነበርና የሎባቼቭስኪን ሥራ አንብቦ አደነቀ፤ የጌቲንገን የሊቃውንት ማኅበር አባል እንዲሆንም አስመረጠው። ጋውስ ራሱ ተመሳሳይ አሳብ ነበረው፤ ሰዎች ይጮኹብኛል ብሎ ስለ ፈራ ግን አላሳተመውም፤ ሎባቼቭስኪንም በአደባባይ ጽፎ አልደገፈውም። በሀንጋሪ አገርም ያኖሽ ቦልያይ የሚባል ወጣት መኰንን ለብቻው ወደዚሁ አሳብ ደርሶ በ1832 ዓመት አሳትሞ ነበር። ሁለቱ ግን በሕይወታቸው አልተገናኙም።

በ1846 ዓመት ሎባቼቭስኪ ከአለቅነቱም ከመምህርነቱም ተሻረ። ከዚያም የሚወደው የበኵር ልጁ በሳምባ በሽታ ሞተበት፤ ገንዘቡ አለቀ፤ የዓይኑም ብርሃን እየደከመ ሄዶ ታወረ። ዩኒቨርሲቲው 50 ዓመቱን ባከበረ ጊዜ ዕውሩ ሊቅ ባዶ እጁን አልቀረም። ፓንጂኦሜትሪ የተባለውን የመጨረሻውን መጽሐፉን በቃሉ እየነገረ አጻፈና በ1855 ዓመት ሰጠ።

በማግሥቱ ዓመት፥ በ1856፥ በፌብሩዋሪ 24 ቀን በካዛን ሞተ፤ አሳቡን መጀመሪያ ካቀረበበት ቀን 30 ዓመት ከአንድ ቀን ሆኖት ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ ቤልትራሚ የተባለ የኢጣልያ ሊቅ ይህ ጂኦሜትሪ እንደ ኮርቻ በጐበጠ ነገር ላይ እንደሚሠራ አስረዳ። በ1896 ዓመትም የካዛን ሰዎች ለሎባቼቭስኪ ሐውልት አቆሙለት።