ለቢልጫ የሳይንስ ስም ያወጣው ሰው

ከወልቂጤ ወደ ጅማ ስትወርዱ ጊቤ አለ። በቡታጅራ በኩል ደግሞ ከጉራጌ ተራሮች የሚነሳው መቂ ወንዝ ዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ይገባል። ጊቤም ዝዋይም ውስጥ ቢልጫ አለ፤ ነጭ ዓሣ የሚሉትም አሉ። ለዚህ ዓሣ የሳይንስ ስም ያወጣለት ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ነው።

ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1794 ፍራንክፈርት ውስጥ ከሀብታም የባንክ ባለቤት ተወለደ። ንግዱን ትቶ ጣሊያን ሄዶ ስለ እንስሳትና ዕፅዋት ተማረ፤ ውርሱን ለጉዞ አዋለው። ግብፅን፣ ሲናን፣ ኮርዶፋንን አዳርሶ በ1831 ምጽዋ ገባ።

ያኔ አገሩ ዘመነ መሳፍንት ላይ ነው። ዛሬ ራቅ ያለ ወንዝ ሄዶ ዓሣ ማጥመድ ያማረው ሰው ድንኳን፣ ነዳጅና የስልክ ቻርጅ ነው የሚያስበው። በዚያ ዘመን ግን ወደ ጎንደር የሚወጣ ሲራራ ነጋዴ መጠበቅ፣ ለየኬላው ቀረጥ መያዝ፣ ክረምቱ ወንዙን ሳይሞላው መሻገር ነበር ጣጣው። ሩፔል ላይ ደግሞ ሌላ ተጨመረበት፤ የሰበሰበው ሁሉ ሳይበሰብስ አውሮፓ መድረስ አለበት።

ደረሰለትም። ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን በሳይንስ የገለጸው እሱ ነው። የጣና ዓሦቹ ግን ብዙም አይወራላቸውም። በ1830ዎቹ አጋማሽ ባሳተመው ጽሑፍ ጎርጓሪና ሱርኪስ የሚሉ ስሞችን ሰጣቸው፤ እስከ ዛሬም በላቲን የሚጠሩት በዚሁ ነው።

ሳልሞን እኛ ጋ የለም። ትራውትም ቢሆን ከኬንያ መጥቶ ባሌ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ እንግዳ ነው። የጣና ዓሦች ግን እንደ ሳልሞን ያደርጋቸዋል፤ ብዙዎቹ በክረምት ሐይቁን ትተው በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ሽቅብ እየዋኙ እንቁላል ይጥላሉ። ችግሩ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ ሳይራቡ ይያዛሉ። ቁጥራቸውም በዚሁ ሳቢያ ክፉኛ ቀንሷል።

ሩፔል በ1834 አገሩ ተመለሰ። በ1839 የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያውን ሸለመው፤ ለውጭ አገር ሰው የመጀመሪያው ነበር። በ1884 በ90 ዓመቱ አረፈ። ከዚህ የወሰዳቸው የግዕዝ ብራናዎች ለፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት፣ ዓሦቹ ደግሞ እዚያው ከተማ ላለው ሴንከንበርግ ሙዚየም ደረሱ።